19 ዓመት ፖስታ ሳደርስ ኖሬ ሥራ ለቀቅሁ፤ አሁን ምን ብዬ ልቀጠር?

ጥያቄ፦ ከቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም

ጤና ይስጥልኝ። ዕድሜዬ 47 ነው። ባለትዳርና የሦስት ልጆች አባት ነኝ። ከጥር 1998 ጀምሮ በአንድ የግል መልእክት አድራሽ ድርጅት ውስጥ ፖስተኛ ነበርኩ። በእኛ አገር ተራ ደብዳቤ ፖስታ ሣጥን ውስጥ ነው የሚገባው፤ ቤት ድረስ አይመጣም። የእኔ ሥራ ግን እጅ በእጅ የሚሰጠው ነበር። የባንክ ሰነድ፣ የጨረታ ሰነድ፣ ከውጭ የመጣ ጥቅል። ተቀባዩን ፈልጌ፣ መታወቂያ አይቼ፣ አስፈርሜ እመለሳለሁ። መጀመሪያ በእግርና በታክሲ፣ በኋላ በሞተር።

ካለፉት ሁለት ዓመታት ወዲህ ጉልበቴ እያመመኝ ነው። ብዙው ኮንዶሚኒየም ሊፍት የለውም፤ በቀን ስንት ጊዜ አራተኛ ፎቅ እንደምወጣ ፈጣሪ ያውቃል። ሐኪም ደረጃ ቀንስ አለኝ። ቢሮ ውስጥ እንዲያዛውሩኝ ሁለት ጊዜ በጽሑፍ ጠየቅሁ። መልስ የለም። በመጨረሻ የአንድ ወር ማስጠንቀቂያ ሰጥቼ ጥር 30 ቀን 2017 ወጣሁ።

ዛሬ ሰኔ 12 ነው። ያጠራቀምኳት ብር እያለቀች ነው። አሁን ቤቱን የያዘችው ባለቤቴ ናት፤ እንጀራ ጋግራ ለሰፈር ሱቆች ታስረክባለች። ክረምቱ ሲያልቅ የልጆቹ ምዝገባ ይመጣል።

የሄድኩበት ሁሉ "ምን ትችላለህ?" ይሉኛል። "ፖስታ አደርስ ነበር" ስላቸው "ጥበቃ ከሆነ እንጂ" ብለው ይመልሱኛል። ጥበቃን ንቄ አይደለም። ግን ሌሊቱን ሙሉ ብርድ ላይ መቆም ይህ ጉልበት አይችለውም። 12ኛ ክፍል ጨርሻለሁ። የሞተር መንጃ ፈቃድ አለኝ። ኦሮምኛ እችላለሁ። ኮምፒውተር ላይ ደካማ ነኝ። እኔን የመሰለ ሰው ምን ሥራ ይጠይቅ? ምን ብሎስ ራሱን ያቅርብ?

መልስ፦ የሰው ኃይል አስተዳደር ሠራተኛ፣ ከአያት

ወንድሜ፣ ስለ አዲሱ ሥራ ከማውራታችን በፊት አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ሲለቁ የስንብት ክፍያ ተከፍሎዎታል? የሥራ ልምድ ማስረጃስ ወስደዋል?

ጠያቂው፦ እህቴ፣ ሁለቱንም አልወሰድኩም። "በራሱ የለቀቀ ሰው ምንም አያገኝም" ብለው ነገሩኝ። እኔም አምኜ ወጣሁ። ልምዱን ደግሞ "ሥራ አስኪያጁ ሲመጣ" እያሉ አመላለሱኝ፤ መመላለሱ ሲሰለቸኝ ተውኩት።

የሰው ኃይል አስተዳደር ሠራተኛዋ፦ ያሉዎት ትክክል አይደለም። ብዙ ሰው በዚህ ነገር መብቱን እየተወ ሲወጣ ስለማይ ያናድደኛል።

በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ቢያንስ 5 ዓመት አገልግሎ በራሱ ፈቃድ የለቀቀ ሠራተኛ የስንብት ክፍያ ይገባዋል። ሊያስቀረው የሚችለው፣ ድርጅቱ አሠልጥኖዎት "ይህን ያህል ዓመት አገለግላለሁ" ብለው የፈረሙትና ያልጨረሱት ግዴታ ካለ ነው። ስሌቱ እንዲህ ነው። ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ። ከዚያ በኋላ ለእያንዳንዱ ዓመት የዚያ አንድ ሦስተኛ። ጠቅላላው ከ12 ወር ደመወዝ አይበልጥም። የእርስዎ 19 ዓመት ነው። ለመጀመሪያው 1 ወር፣ ለቀሪው 18 ዓመት 6 ወር፤ በድምሩ የ7 ወር ደመወዝ ገደማ ማለት ነው። ያልተጠቀሙበት የዓመት ፈቃድ ካለ እሱም በገንዘብ ይታሰባል።

አሁን የሚያስጨንቀኝ ጊዜው ነው። ከሥራ መቋረጥ የሚመነጭ ጥያቄ በ6 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል። ጥር 30 ከወጡ ሐምሌ 30 ያልቃል ማለት ነው። ወር ከግማሽ ነው የቀረዎት። ልብ ይበሉ፣ ለድርጅቱ ደጋግሞ መጠየቅ ብቻውን ይርጋውን አያቆመውም። የሚያቆመው ለሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት በጽሑፍ ማመልከት፣ ፍርድ ቤት መክሰስ፣ ወይም ድርጅቱ ራሱ "ክፍያው አለብኝ" ብሎ በጽሑፍ ማመኑ ነው። ሠራተኛ በሥራ ክርክር ሲከስ የዳኝነት ክፍያ አይጠየቅም፤ ስለዚህ በገንዘብ ምክንያት ወደ ኋላ አይበሉ።

የሥራ ልምድ ማስረጃውንም አሠሪው በነፃ የመስጠት ግዴታ አለበት። የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎቱን ዘመንና ደመወዙን መግለጽ አለበት። እባክዎ ማመልከቻውን በሁለት ቅጂ ይጻፉ። አንዱን ሰጥተው በሌላው ላይ "ደርሶናል" ብለው እንዲፈርሙና ማኅተም እንዲያሳርፉ ያድርጉ። ይህን ሥራ ደግሞ ከእርስዎ በላይ የሚያውቀው የለም።

ጡረታንም አይርሱ። በቅርብ ዓመታት በየወሩ ከደመወዝዎ 7 ከመቶ ሲቆረጥ፣ አሠሪው ደግሞ 11 ከመቶ ጨምሮ ማስገባት ነበረበት። የጡረታ መለያ ቁጥርዎን ይያዙና ገቢ መሆኑን ያረጋግጡ። አዲስ ቦታ ሲቀጠሩ በዚያው ቁጥር ይቀጥላል፤ የቆየው አገልግሎት ላይ ይደመራል።

መልስ፦ የመጋዘን ኃላፊ፣ ከቃሊቲ

ወንድሜ፣ እኔ 58 ዓመቴ ነው። ስቶር ውስጥ ነው ያረጀሁት። "ፖስታ አደርስ ነበር" የሚለውን አባባል ተው። እንዲህ በል፦ "19 ዓመት ሙሉ የሰው ንብረት በፊርማ ተረክቤ በፊርማ አስረክቤያለሁ።" ከዚያ ጠፍቶብህ የማያውቅ ከሆነ እሱን ጨምር። ጠፍቶብህ ያውቃል?

ጠያቂው፦ አንድ ጊዜ፣ በ2004 ይመስለኛል፣ አንድ ፖስታ ታክሲ ውስጥ ረሳሁ። በዚያው ቀን አፈላልጌ አገኘሁት። ከዚያ ውጭ አንድም የለም።

የመጋዘን ኃላፊው፦ እንግዲያው አንተ የመጋዘን ሰው ነህ። እኔ ሰው ስቀጥር ችግሬ የሚያነሳ ጉልበት ማጣት አይደለም። ጫኝና አውራጅ ሞልቷል። የሚቸግረኝ ቆጥሮ የሚረከብ፣ ሳያስፈርም የማይለቅ፣ ወረቀቱን ቦታው የሚያስቀምጥ ሰው ነው። አንተ ይህን ስትሠራ ኖረሃል። የሚቀርህ ስሙን ማወቅ ብቻ ነው። ዕቃ ሲገባ ሞዴል 19፣ ሲወጣ ሞዴል 22። የግል ድርጅቶች የራሳቸውን ደረሰኝ ቢያሳትሙም ብዙዎቻችን የምንጠራው በዚሁ ስም ነው። መደርደሪያው ላይ የሚንጠለጠለው ቢን ካርድ ይባላል፤ የገባ፣ የወጣ፣ የቀረ ይጻፍበታል። ይህን ደብተር ላይ አስምረህ ቤትህ ብትለማመድ በሁለት ሳምንት ትለምደዋለህ። ኤክሴልን ልጅህ ያሳይህ። መደመርና መቀነስ ከቻልክበት ለጅምሩ ይበቃል።

ቦታህ ደግሞ ጥሩ ነው። ቱሉ ዲምቱ ቁጭ ብለህ ቃሊቲ፣ አቃቂ፣ ቂሊንጦ፣ ገላን፣ ዱከም ሁሉም በአቅራቢያህ ነው። ፋብሪካና መጋዘን ያለው በዚህ መስመር ነው። ኦሮምኛ መቻልህ ገላንና ዱከም ላይ ትልቅ ነገር ነው፤ ማመልከቻህ ላይ ከላይ ጻፈው። "ረዳት ስቶር ኪፐር"፣ "ዕቃ ተረካቢ"፣ "ዲስፓቸር" (የሚወጣ ዕቃ የሚያሰማራ) የሚል ካየህ አመልክት። የእሑድና የረቡዕ ሪፖርተርን ተመልከት። ግን ብዙው ቅጥር ጋዜጣ ላይ አይወጣም። የግቢ በር ላይ ይለጠፋል። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ በአካል ሂድ፤ ዘበኛውን ሰላም በልና ጠይቅ።

አንድ ነገር ግን አደራ። ስታገኝ ደስ ብሎህ ቆጠራ ሳይደረግ ቁልፍ እንዳትረከብ። ከአንተ በፊት የነበረው ሰው ጉድለት ካለበት፣ ፊርማህ ካረፈ በኋላ ዕዳው የአንተ ነው የሚሆነው። አስረካቢ፣ ተረካቢና ታዛቢ ቆመው ይቆጠር። ሦስቱም ይፈርሙ። አንድ ቅጂ ቤትህ አስቀምጥ። እኔ ወጣት ሆኜ ይህን ባለማወቄ የአንድ ዓመት ደመወዜን የከፈልኩበት ጉድለት አለ። ዛሬም ሳስበው ይቆጨኛል።

መልስ፦ የሞተር አድራሽ፣ ከጀሞ

ጋሼ፣ እኔ 24 ዓመቴ ነው። ምግብና ዕቃ በሞተር አደርሳለሁ። የስንብት ክፍያውን ሲያገኙ ሞተር ገዝቼ በግሌ ልሥራ እንዳይሉ ነው የምጽፍልዎት። ከሰኔ 30 ቀን 2011 ጀምሮ አዲስ አበባ ውስጥ ሞተር ያለ ፈቃድ አይነዳም። ፈቃዱ ደግሞ በድርጅት በኩል ነው የሚመጣው። ብሩን አስገብተው ሞተሩ ግቢ እንዳይቆምብዎት። ጉልበትዎም አለ።

ይልቅ እኛ ጋር የሚጎድለው ቢሮ ሆኖ አድራሻ የሚመራን ሰው ነው። ስልኩ ላይ ያለው ካርታ የኮንዶሚኒየሙ በር ላይ ጥሎን ይሄዳል። ብሎኩ የት ጋር ነው? በየትኛው በር ይገባል? ክረምት ላይ የትኛው መንገድ ጭቃ ይሆናል? ይህን የሚያውቅ የለም። ደንበኛው በስልክ "ከቤተ ክርስቲያኑ ዝቅ ብሎ" ሲለን ግማሽ ሰዓት እንዞራለን። እርስዎ ጭንቅላትዎ ውስጥ ነው ያለው። አድራሽ ድርጅቶች ጋር ሲሄዱ "አድራሽ ልሁን" አይበሉ። "ዲስፓች ላይ ልሥራ" ይበሉ። የሚያውቋቸውን ሰፈሮች በወረቀት ጽፈው ይዘው ይሂዱ። የእኛ አለቃ እንዲህ ያለ ወረቀት ቢያይ ወዲያው ያናግርዎት ነበር።

መልስ፦ በቴሌግራም የልጆች ልብስ የምትሸጥ፣ ከመርካቶ

እኔ ሌላ ሐሳብ አለኝ። ኮዬ ፈጬ፣ ቱሉ ዲምቱና ገላን ብዙ ደንበኞች አሉኝ። የማድረሻው ሒሳብ ግን ከልብሱ ጋር ይቀራረባል። ስለዚህ "ይቅርብኝ" ይሉኛል። እዚያ አካባቢ የማምነው መቀበያ ሰው ባገኝ የአሥሩን ሰው ዕቃ በአንድ ማዳበሪያ አስሬ እልክ ነበር። ደንበኛው በእግሩ መጥቶ ይወስዳል፣ ክፍያውን በቴሌብር ለእኔ ይልካል፣ እሱ ፊርማ ብቻ ይቀበላል። ለእያንዳንዱ ዕቃ ይከፈለዋል። ደረጃ መውጣት የለም።

ባለቤትዎ እንጀራ የሚያስረክቡባቸው ሱቆች እንዳሉ ጽፈዋል። ከአንዱ ጋር ተነጋግረው መደርደሪያ ቢያገኙ የራስዎ ሱቅ አያስፈልግም። እንደ እኔ ያሉ ሻጮች ብዙ ነን። ውድ ዕቃ፣ ስልክና ወርቅ ግን መጀመሪያ ላይ አይቀበሉ።

የመጋዘን ኃላፊው፦ የእህታችን ሐሳብ ጥሩ ነው። ግን ጎን ለጎን ይሁን። ሦስት ልጅ ያለው ሰው መጀመሪያ ወር ጠብቆ የሚመጣ ደመወዝ ያስፈልገዋል። ቅዳሜ ከሰዓትና እሑድ ይሞክረው።

መልስ፦ የወረዳ ሠራተኛ፣ ከአቃቂ ቃሊቲ

ወረዳችሁ ሄደው "የአንድ ማዕከል አገልግሎት" በሚባለው ቢሮ በሥራ ፈላጊነት ይመዝገቡ። ፋይዳ መታወቂያዎንና የ12ኛ ክፍል ማስረጃዎን ይያዙ። ወጣት ብቻ ነው የሚመዘገበው ብለው እንዳይቀሩ። የአጭር ጊዜ ሥልጠና ሲመጣ ስልክ የሚደወለው ለተመዘገበ ሰው ነው። ሥራ ሳያገናኝዎት ቀድሞ ገንዘብ ለሚጠይቅ ደላላ ግን አንድ ብርም አይስጡ።

ጠያቂው፣ ከሦስት ሳምንት በኋላ፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። የደረስኩበትን ልንገራችሁ።

ማመልከቻውን በሁለት ቅጂ ጻፍኩ። ሲያዩ መጀመሪያ አልቀበልም አሉ። አዋጁን ስጠቅስላቸው ግን የሥራ ልምዱን በሳምንቱ ሰጡኝ። 19 ዓመት የሚለውን በማኅተም ሳየው እንባዬ መጣ፤ አልደብቃችሁም። ስለ ስንብት ክፍያው "እናየዋለን" ነው ያሉት። እኔ ግን እህቴ እንዳለችኝ እሱን አልጠበቅሁም። ለክፍለ ከተማው ሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት በጽሑፍ አመልክቼ ቁጥር ተቀብያለሁ። ሐምሌ 20 ሁለታችንንም ጠርተውናል።

ስምንት ግቢ ሄጃለሁ። "በፊርማ ተረክቤ በፊርማ አስረክቤያለሁ" ስል ሰው ቀና ብሎ ያየኛል፤ ልዩነቱ ይህን ያህል ይሆናል ብዬ አልጠበቅሁም ነበር። ገላን ያለ አንድ የግንባታ ዕቃ መጋዘን ለዕቃ ተረካቢነት ፈተነኝ። አለፍኩ። አሁን ተያዥ አምጣ ብለውኛል። የባለቤቴ ወንድም መምህር ነው፣ እሺ ብሎኛል። ግን ፈርቷል። ምን ልበለው?

የሰው ኃይል አስተዳደር ሠራተኛዋ፦ እንኳን ደስ አለዎት! ቢፈራ አይፈረድበትም። የዋስትና ውሉ ላይ የገንዘቡ ጣሪያ በቁጥር ይጻፍ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ መሠረት ከፍተኛው መጠን ያልተገለጸበት ዋስትና አይጸናም። "ለሚደርሰው ጉዳት ሁሉ" የሚል ብቻ ከሆነ አይፈርም። ከመሥሪያ ቤቱ የደመወዝ ማረጋገጫ ደብዳቤ ይጠይቁታል፤ ከትምህርት ቤቱ አስቀድሞ ያጽፍ፣ ቀን ይወስዳል። የእርስዎንም የቅጥር ውል ከመፈረምዎ በፊት ያሳዩት።

የመጋዘን ኃላፊው፦ ቆጠራውን!

ጠያቂው፦ ቆጠራው ሐሙስ ነው ተብያለሁ። ታዛቢ ከሒሳብ ክፍል ይመጣል። ለአማቼ ዛሬ ማታ አነብለታለሁ።