የእግር ሜላኖማ ወደ ዓይን ሊዛመት ይችላል?

ጠያቂ፦
አባቴ የ63 ዓመት ሰው ናቸው። ለብዙ ዘመን «ማርያም የሳመችው ነው» እያልን ያለፍነው በግራ ውስጥ እግራቸው ላይ የነበረ ጥቁር ምልክት ሰፍቶ መድማት ሲጀምር ከሁለት ዓመት በፊት በቀዶ ሕክምና ወጣ፤ ሲመረመርም ሜላኖማ የሚባለው የቆዳ ካንሰር ሆኖ ተገኘ። አሁን ደግሞ በቀኝ ዓይናቸው ፊት ትንኝ የመሰሉ ነጥቦች ይንሳፈፉባቸዋል። የዓይን ሐኪም ብግነት ነው ብለው ጠብታ ቢያዙላቸውም ሦስት ሳምንት ሙሉ ለውጥ አላየንም። የእግር ካንሰር ዓይን ድረስ ሊደርስ ይችላልን?

መላሽ 1፦
ይችላል፤ ሆኖም ብዙ ጊዜ አያጋጥምም። ከሌላ አካል ወደ ዓይን የሚዛመት ካንሰር በአብዛኛው መነሻው ጡት ወይም ሳንባ ነው። ሜላኖማ በደም በኩል ሲመጣ ከሬቲና (ብርሃን ከሚቀበለው የዓይን ውስጠኛ ሽፋን) በስተኋላ ባለው፣ የደም ሥር በበዛበት ሽፋን ላይ ሊያርፍ ይችላል፤ አንዳንዴም ሴሎቹ የዓይንን ውስጥ በሞላው ዝልግልግ አካል ውስጥ ይበተኑና ብግነት ይመስላሉ። ስለዚህ የዓይን ሐኪሙ የእግሩን ታሪክ ማወቃቸው ወሳኝ ነው፤ ነግራችኋቸዋል? ብሌኑን በጠብታ አስፍቶ ማየት፣ የዓይን አልትራሳውንድ፣ ካስፈለገም ከውስጡ ናሙና ወስዶ መመርመር ይቻላል። ካንሰሩ ዓይን ውስጥ ከተገኘ አንጎልም በኤምአርአይ መታየት ይኖርበታል። ብልጭታ ወይም እንደ መጋረጃ የሚወርድ ጥላ ከታያቸው ግን ሬቲና መላቀቁ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ይውሰዷቸው።

መላሽ 2፦
አባትዎ የሰውነትን መከላከያ የሚያነቃቃ መድኃኒት ይወስዳሉ? እኔ ፔምብሮሊዙማብ ስወስድ እይታዬ ደፍርሶ ካንሰሩ ዓይኔ ውስጥ ገባ ብዬ ሌሊቱን ሳለቅስ አደርኩ፤ ሲመረመር ግን መድኃኒቱ ያስነሣው እውነተኛ ብግነት ነበረ። ሁለቱም ስለሚመሳሰሉ ከምርመራ በፊት ተስፋ አይቁረጡ።

መላሽ 3፦
አንድ ነገር ልጨምር። ዓይን ውስጥ ራሱ የሚጀምር ሜላኖማም አለ፤ እርሱ ሲዛመት ይበልጥ የሚያጠቃው ጉበትን ነው፣ ሕክምናውም ከቆዳው ይለያል። የእኛን የመሰለ ጥቁር ቆዳ ባላቸው ሰዎች ላይ የቆዳው ሜላኖማ ብዙ ጊዜ በውስጥ እግርና በጥፍር ሥር ስለሚወጣ ዘግይቶ ይታወቃል፤ በ1981 በ36 ዓመቱ ያረፈው ቦብ ማርሌም ሕመሙ የጀመረው ከእግሩ ጣት ጥፍር ሥር ነበር።

ጠያቂ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አባቴ «የእግሬን ቁስል ለዓይን ሐኪም ምን ብዬ ላውራ?» ብለው ዝም ብለው ነበር፤ እኔም አልተናገርኩም። በየሦስት ሳምንቱ በደም ሥር የሚሰጣቸው መድኃኒት ያው እርስዎ የጠቀሱት ነው። ስሙንና የእግሩን የምርመራ ውጤት ይዘን ነገ ጠዋት ወደ ዓይን ሐኪሙ እንመለሳለን፤ ለካንሰር ሐኪማቸውም ዛሬውኑ ደውያለሁ።