ከእንግልት የወጣ ሽማግሌ ፈረስ አላስጠጋ ብሎኛል፣ ምን ትመክሩኛላችሁ?

የዳማው እናት፦
ሰላም ለሁላችሁ። በቅርቡ ከመጥፎ ሁኔታ የወጣ አንድ ሽማግሌ ፈረስ ተረክቤያለሁ። ዳማ ነው፣ የተኮላሸ። ዕድሜውን የሚያውቅ ሰው የለም። ጥርሱን አየት ያደረገው ሐኪም «ከ20 ያልፋል፣ ከዚያ በኋላ በጥርስ መናገር ግምት ነው» ብሎኛል። የጎን አጥንቱ አንድ በአንድ ይቆጠራል፣ የፊት ሰኮናዎቹ ረዝመው ጫፋቸው ወደ ላይ ቆልመም ብሏል። ምግብ ሳስቀምጥለት ራቅ እስክል ድረስ አይነካውም። እጄን ትንሽ ከፍ ካደረግኩ ጭንቅላቱን ሽቅብ ይወረውራል፣ በተለይ በግራ በኩል ስመጣ። ገመድ ካየማ ጥግ ይይዝና ቂጡን ያዞርብኛል። እስካሁን ግን አልረገጠኝም።

ጥያቄዬ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ቶሎ ሥጋ እንዲያወጣ ገብስ ልስጠው ወይ? ሁለተኛ፣ እንዴት ነው እንዲያምነኝ የማደርገው? የሚያውቁኝ ሰዎች «ጥግ አስይዘሽ ልጓም አግቢበት፣ ጌታው ማን እንደሆነ ይወቅ» ይሉኛል። አንጀቴ እሺ አላለኝም።

ጋጣ አዳሪ፦
እህቴ፣ እንኳን ወሰድሽው። ገብሱን ግን ለጊዜው እርሺው፣ በጣም ነው የምለምንሽ። ብዙ ሰው አዝኖለት በጥጋብ የሚገድለው እዚህ ላይ ነው። ለረጅም ጊዜ የተራበ ፈረስ ድንገት እህል ሲበላ የእህሉ ስታርች ኢንሱሊን የሚባለውን ሆርሞን ያስለቅቃል፣ ኢንሱሊኑ ደግሞ ደም ውስጥ የቀረችውን ጥቂት ፎስፈረስ፣ ፖታሲየምና ማግኒዢየም ጠራርጎ ወደ ሴሎች ያስገባል። ከዚያ ልቡም የመተንፈሻ ጡንቻውም ይከዱታል። ፈረሱ ሲበላ ደስ ብሎሽ ታዪውና ከቀናት በኋላ ይወድቃል። በጣም የሚያሰጋው የመጀመሪያዎቹ 10 ቀናት አካባቢ ነው።

የሚሻለው አልፋልፋ የሚባለው የመኖ ተክል ድርቆሽ ነው። ስታርቹ ትንሽ ነው፣ ፕሮቲንና ማዕድን አለው። መጠኑን ሐኪምሽ በክብደቱ ይወስንልሽ፣ ግን ለትልቅ ፈረስ የተለመደው መነሻ ግማሽ ኪሎ ገደማ በየ4 ሰዓቱ ነው፣ ሌሊትም ጭምር። አዎ፣ እንቅልፍ የለም። ከዚያ ቀስ እያልሽ መጠኑን ትጨምሪና የምግቡን ቁጥር ትቀንሺ። ውሃና ጨው ሁልጊዜ አጠገቡ ይኑር። «ቶሎ» የሚባለውን ነገር ከአሁኑ ከልብሽ አውጪው። እንዲህ የተጎዳ ፈረስ ወደ ደህና ክብደቱ ለመመለስ ከ6 እስከ 10 ወር ይፈጅበታል፣ የሽማግሌ ደግሞ ሊብስ ይችላል።

ሰኮና ጠራቢ፦
«ጥርሱን አየት አደረገው» ያልሽው አልጣመኝም። ዕድሜ ለመገመት ከንፈር ገልጦ የፊት ጥርስ ማየት ሌላ፣ ማደንዘዣ ሰጥቶ አፉን በመክፈቻ ይዞ እስከ መንጋጋው ድረስ መመርመር ሌላ ነው። የፈረስ ጥርስ በዓመት ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ከድድ እየወጣ እያለቀ የሚሄድ ነገር ነው፣ ሽማግሌ ሲሆን ይነቃነቃል ወይ ጭራሽ ይወልቃል። ነገ ጠዋት የሚበላበትን መሬት እይ። አኝኮ አኝኮ እንደ እርጥብ ገመድ ጠቅልሎ የተፋው ድርቆሽ ካገኘሽ መልሱ እሱ ነው። እንዲህ ያለ ፈረስ ድርቆሽ ብትቆልዪለትም እየበላ ይራባል። የተፈጨና የተጨመቀ መኖ በውሃ ነክረሽ ገንፎ እስኪመስል አላልተሽ ስጪው።

ሌላው ግራው ነገር ነው። ሰው ፈረስን የሚይዘው፣ የሚጭነውና የሚወጣበት ባብዛኛው በግራ ስለሆነ የመጥፎ ትዝታውም ክምችት እዚያ ሊሆን ይችላል። ይህን ከማለትሽ በፊት ግን ዓይኑ ይታይ። የዓይን ሞራ ወይም እያገረሸ የሚመጣ የዓይን ብግነት ያለበት ፈረስ እጅሽን የሚያየው አፍንጫው ሥር ከደረሰ በኋላ ነው፣ ታዲያ እንዴት አይደነብር? ሰው «አመለኛ ነው» ይላል። የታመመ እንጂ አመለኛ ፈረስ እኔ ብዙም አላጋጠመኝም።

ሰኮናውን በአንድ ቀን ቀጥ አድርጉልኝ እንዳትዪ። ጅማቱና መገጣጠሚያው ያንን ቅርፅ ለምዷል። በየ4 ሳምንቱ ወይም ሐኪሙና ጠራቢው በሚስማሙበት ልክ ትንሽ ትንሽ፣ ከተስተካከለ በኋላ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ይበቃዋል። እግሩን ስታነሺ ዝቅ አድርጊ፣ ከመሬት ብዙ አታርቂው፣ ልውሰደው ሲልሽ መልሰሽ አውርጂለት። ጉልበቱ ያበጠ ሽማግሌ እግሩን የሚነጥቅሽ ንቆሽ አይደለም፣ በሦስት እግር መቆም ስለሚያመው ነው። ሐኪሙ ቀድሞ የሕመም ማስታገሻ ቢሰጠው ለሁላችሁም ይቀላል።

ዝምተኛው፦
ከላይ የተባለው ሁሉ ትክክል ነው፣ እኔ ስለ መተማመኑ ልጨምር። ጥግ ማስያዝ የሚሉሽን ሰዎች አትስሚያቸው። ቂጡን ሲያዞርብሽ «መውጫ የለኝም፣ አትቅረቢኝ» ማለቱ ነው፣ እስካሁን አለመርገጡ ደግሞ ጨዋ መሆኑን ይነግርሻል። መጀመሪያ ጥግ የሌለው ሰፋ ያለ ቦታ ስጪው።

ከዚያ ምንም ሳትጠይቂው አብረሽው ዋዪ። እውነቴን ነው፣ በርጩማ ይዘሽ ግቢና ጎንሽን ሰጥተሽው ተቀመጪ፣ ስልክሽን ነካኪ። ፈረስ ዙሪያውን 350 ዲግሪ ያህል ያያል፣ የማያየው ከግንባሩ ፊት ለፊትና ከኋላው ነው፣ እኛ ደግሞ ስንወድ ልክ ግንባሩን ለመዳበስ እንሄዳለን። በትከሻው አቅጣጫ፣ ቀጥ ብለሽ ሳይሆን ጠመም ብለሽ ሂጂ። ጆሮው ወደ አንቺ ሲዞር፣ አፍንጫው ሲጠብቅ፣ አንገቱ ሲደርቅ እዚያው ቁሚ። አንድ እርምጃ አትጨምሪ። ትንሽ ቆይቶ ጭንቅላቱን ዝቅ ሲያደርግ ወይም ሲያላምጥ ያኔ ዘወር ብለሽ ሂጂ። ለእሱ ከከረሜላ የሚበልጠው መራቅሽ ነው። አልፈልግም ሲል እንደምትሰሚው ካወቀ የሚቀጥለውን እርምጃ ራሱ ይመጣል።

ሲያስነካሽ ጠብ ጠብ አታድርጊው። ጋማው የሚያልቅበትን፣ ጀርባው የሚጀምርበትን ቦታ እከኪው። ፈረሶች እርስ በርስ የሚተካከኩት እዚያ ነው፣ ሲታከክ የልብ ምቱ ዝቅ እንደሚል በመለኪያ ታይቷል። የላይኛው ከንፈሩ ሲረዝምና ሲንቀጠቀጥ ካየሽ አግኝተሽዋል። በእጅሽ አታጉርሺው ግን፣ የተራበ ፈረስ ከጣትሽ ጋር ይወስደዋል።

ባዝራ ወዳድ፦
በማጉረሱ ከዝምተኛው ጋር አልስማማም። ረሃቡ ካለፈለት በኋላ በዝርግ መዳፍ ላይ ትንሽ ነገር መስጠት ገመድን ለማስለመድ አሪፍ ነው። ገመዱን መሬት ላይ ጣዪው፣ አፍንጫውን ሲያስነካው አንድ ጉርሻ፣ አበቃ። በጥቂት ጊዜ ውስጥ አፍንጫውን ራሱ ያስገባል። የሚነክሰው ሥርዓት ሳይዙለት ኪስ የሚያስፈትሹት ነው።

እኔን ያሳሰበኝ ሌላ ነው። ፀጉሩ ረጅምና ጥቅልል ያለ ነው? ወቅቱ ሲደርስ አይረግፍም? ውሃ ያበዛል? ከሆነ በአንጎል ሥር ካለችው ዕጢ የሚመጣ ኩሺንግ የሚባል በሽታ አለ፣ በሽማግሌ ፈረስ ላይ የተለመደ ነው። በደም ምርመራ ይታወቃል፣ ፐርጎላይድ የሚባለውን ክኒን በየቀኑ ዕድሜ ልኩን ይወስዳል። ካልታከመ ሰኮናውን ያቃጥለዋል፣ ስኳርና ስታርች የበዛበት መኖ ደግሞ ያባብሰዋል። የፊት ጉልበቱ ላይ የተላጠ ቦታ ካለም ንገሪን። መገጣጠሚያው ስለሚያመው ወይም ስለማይረጋጋ ተኝቶ የማያውቅ ፈረስ ቆሞ እያንቀላፋ ጉልበቱ ይከዳውና ይወድቃል። ለዚህ ወፍራም ጉዝጓዝና ጓደኛ ያስፈልገዋል፣ አህያም ብትሆን። ሌላው ሲጠብቅለት ነው የሚተኛው።

የዳማው እናት፦
ተባረኩ! ጉልበቱን ሄጄ አየሁት፣ ሁለቱም ላይ ጠባሳ አለ። ግራ ዓይኑም በፀሐይ ሲታይ ነጣ ያለ ነገር አለው። ጥርሱንም ዓይኑንም በደንብ የሚያይ ሌላ ሐኪም ቀጥሬያለሁ። ገብሱን መልሻለሁ። አንድ የመጨረሻ ጥያቄ፦ የትል መድኃኒት እስከዚያ ልስጠው?

ጋጣ አዳሪ፦
ቆይ። መጀመሪያ ፋንድያው ይመርመርና የትሉ ብዛት ይታወቅ። ትል የሞላበት ከሲታ ፈረስ መድኃኒቱን በአንዴ ሲወስድ ትሉ በጅምላ ይሞትና አንጀቱን ይጎዳዋል። ትኩስ ፋንድያ በንጹህ ላስቲክ ቋጥረሽ በቀዝቃዛ ቦታ አቆዪና ለሐኪሙ ስጪው። ሲመጣ ደግሞ በቀኝ በኩል እንዲጠጋና ከመንካቱ በፊት ድምፁን እንዲያሰማ ንገሪው።