የፎርድ 8.8 ዲፈረንሻል ለድራግ ውድድር፦ ከየት ይጀመር?

ባለፒካፕ94
ሰላም ለሁላችሁ። መኪናው የ1994 ኤፍ-150 ነው፤ 5.8 ሞተር፣ ኢ4ኦዲ ካምቢዮ፣ የኋላው ዲፈረንሻል 8.8 ኢንች፣ ሬሾው 3.55 (ጎማው አንዴ ሲዞር ፕሮፔለር ሻፍቱ 3.55 ጊዜ ይዞራል)። ትራክሽን-ሎኩ (አንዱ ጎማ ብቻውን እንዳይሽከረከር የሚገታው) ከፋብሪካ የመጣው ነው። ሞተሩ ተሠርቶ 450 ፈረስ ጉልበት አካባቢ ደርሷል። ሩብ ማይል ሜሪላንድ ባድስ ክሪክ ላይ ለመሮጥ ነው፤ ጎማው 28 በ10.5 ኢንች ስሊክ (ጥርስ የሌለው የውድድር ጎማ)። ከመስመር ሲነሳ የኋላው ይዘላል፣ ከሥር ቋ ቋ ይላል። ስፑል (ሁለቱን አክስሎች አንድ ላይ የሚቆልፍ) ልግዛ፣ አክስል ልቀይር ወይስ ሙሉውን ወደ 9 ኢንች ልውሰደው? በሥራ ቀን ይነዳል። ሬሾውንም 4.10 ማድረግ አስቤአለሁ።

ኮሮናና_ፒኞን
መዝለሉን ሳታቆም ምንም ዕቃ አትግዛ። ጉልበቱ ሲመጣ የፒኞኑ (ኮሮናውን፣ ማለትም ትልቁን ጥርስ፣ የሚያዞረው ትንሹ ጥርስ) አፍንጫ ወደ ላይ ይነሳና ባሌስትራው እንደ ኤስ ይጠማዘዛል፤ ጎማው ሲለቅ ይመለሳል፣ ሲይዝ እንደገና ይጠማዘዛል። በእያንዳንዱ ምልልስ ጥርሱ ላይ መዶሻ እንደማሳረፍ ነው። 8.8 ከፈረስ ጉልበት ይልቅ በዚህ ነው የሚሰበረው። ትራክሽን ባር ግጠም፣ የባሌስትራውን ቡሽና የዩ-ቦልቶቹን ጥብቀት እይ። ከዚያ መኪናው በጎማው ቆሞ የፒኞኑን አንግል ለካ፤ ከፕሮፔለር ሻፍቱ አንጻር አፍንጫው 2 ዲግሪ ያህል ወደ ታች ቢያይ ጥሩ ነው፣ ባሌስትራው ለስላሳ ከሆነ ትንሽ ጨምር።

ቀጥሎ ቱቦዎቹ። የ8.8 አክስል ቱቦ መሃል ካለው የብረት ቀልጥ (በቀለጠ ብረት የተቀረጸው የዲፈረንሻል ቤት) ውስጥ በግፊት ገብቶ በጥቂት ነጥብ ብየዳ ብቻ ነው የተያዘው። ቱቦውን ከቀልጡ ጋር አቋርጠህ ነጭ ቀለም ቀባ። ከአምስት ስድስት ሩጫ በኋላ መስመሩ ከተሰበረ ቱቦው እየዞረ ነው ማለት ነው። ሲበየድ ውስጡ ያለው ሁሉ ይውጣ፣ ዘይቱ ተጠርጎ ይለቅ፣ ቀልጡ 200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይሙቅ፣ ኤሌክትሮዱ ኒኬል ይሁን። አንድ ኢንች በይዶ ወደ ሌላው ጎን መዞር፣ ሲያልቅ በብርድ ልብስ ሸፍኖ ቀስ ብሎ ማቀዝቀዝ። ቀዝቃዛ ቀልጥ ላይ ዝም ብሎ በሚግ ማሽን የበየደ ሰው ስንጥቁን የሚያየው በኋላ ነው። ቀጥታነቱ በአላይመንት ባር ካልተፈተሸም ቱቦው ይጎብጥና የጎማ ኩሽኔታ ይበላል።

ዳዶ140
ከላይ የተባለው ልክ ነው። ወደ ውስጥ ልግባ።

በሥራ ቀን ለሚነዳ መኪና ስፑል አይሆንም። መታጠፊያ ላይ ሁለቱ ጎማዎች እኩል ስለሚዞሩ አንዱ ይጎተታል፣ አክስሉም በየኩርባው ይጠመዘዛል። ወጪውም ስፑሉ ብቻ አይደለም፤ በኤንኤችአርኤ (የአሜሪካ የድራግ ውድድር ማኅበር) ደንብ ዲፈረንሻሉ ከተቆለፈ ወይም መኪናው ሩብ ማይሉን በ10.99 ሰከንድና ከዚያ በታች ከሮጠ ከፋብሪካው የተለየ አክስልና አክስሉን የሚይዝ መሣሪያ ግዴታ ነው። ስፓይደሩን (የዲፈረንሻሉን የውስጥ ትንንሽ ጥርሶች) በይዶ መቆለፍማ ጨርሶ አይፈቀድም። ላንተ 31 ስፕላይን (የአክስሉ ጫፍ ጥርሶች ቁጥር) ዲትሮይት ሎከር ይበቃል፤ ቀጥታ ሲሄድ ይቆልፋል፣ ሲታጠፍ ይለቃል፤ ሲታጠፍ ጠቅ ጠቅ ይላል፣ ልመደው።

አክስሉን የሚይዘው መሃል ላይ ያለች ሲ-ክሊፕ ናት። አክስሉ ሲሰበር የሚይዘው የለምና ጎማው ከነፍሬን ታምቡሩ ይወጣል። ሲ-ክሊፕ ኤሊሚኔተር (አክስሉን በክሊፗ ፈንታ ከቱቦው ጫፍ የሚይዝ ዕቃ) ርካሽ ነው፣ ግን ኩርባ ላይ የጎን ጫና ሲመጣበት ዘይት ያንጠባጥባል። ቱቦው ሲበየድ ጫፉን ቆርጦ የ9 ኢንች ጫፍ ማስበየድ ነው የሚሻለው፤ ኩሽኔታው አክስሉ ላይ ተጨምቆ ይገባል።

ፒኞኑ ላይ ያለውን ክራሽ ስሊቭ (ሲጠብቅ ተጨማድዶ የኩሽኔታውን ጥብቀት የሚይዝ ቱቦ) ጣለው። በየአነሳሱ ትንሽ ትንሽ ይጨማደዳል፣ ጥብቀቱ ይጠፋል፣ ፒኞኑ ከኮሮናው ይሸሻል፣ ከዚያ ጥርስ ይረግፋል። በምትኩ የማይጨማደድ ስፔሰር ከሺም (ስስ የብረት ማስተካከያ ቀለበት) ጋር አስገባ። የፒኞኑ ዳዶ ቢያንስ በ140 ጫማ-ፓውንድ ይጥበቅ፣ በአዲስ ኩሽኔታ የማሽከርከሪያው ጥብቀት ከ16 እስከ 29 ኢንች-ፓውንድ። የኮሮናው ብሎኖችም የኩሽኔታ ካፖቹም ከ70 እስከ 85 ጫማ-ፓውንድ። ካፖቹን ሳትፈታ ግራና ቀኙን በፓንች ምልክት አድርግ፤ ከተቀያየሩ ቤቱ አይገጥምም። በኮሮናውና በፒኞኑ መካከል ያለው የጥርስ ክፍተት ከ0.008 እስከ 0.012 ኢንች፣ ኮሮናውን እያዞርክ አራት ቦታ ለካ።

ባለፒካፕ94
ትልቅ ምስጋና። 4.10ስ? ጋርድል (የኩሽኔታ ካፖቹን የሚደግፍ ብሎን) ያለው ክዳንስ ይጠቅማል?

ዳዶ140
ስሌቱ ቀላል ነው፤ በ28 ኢንች ጎማ ፍጥነቱን በሰዓት በማይል አድርገህ በሬሾው አባዛ፣ ከዚያ በ12፤ የሞተሩ ዙር በደቂቃ ይመጣል። ቀጥታ ማርሽ ላይ 100 ማይል በ4.10 ሞተሩ 4,920 ዙር፣ በ3.73 ደግሞ 4,476 ነው። 5.8ህ 5,000 አካባቢ የሚጎትት ከሆነ 4.10 መጨረሻው መስመር ላይ ልክ ያደርስሃል፤ ኦቨርድራይቭ ስላለህ አውራ መንገድም ይቻላል። ግን የ4.10 ፒኞን 10 ጥርስ ነው፣ የ3.73ቱ 11፤ ፒኞኑ ባነሰ ቁጥር ይሳሳል። የ9310 ብረት ጥርስ እንዳይሸጡልህ፤ ድንጋጤ ይችላል፣ አስፋልት ላይ ግን ቶሎ ይበላል።

ክዳኑ ይጠቅማል፣ ካፖቹ ወደ ኋላ እንዳይሸሹ ይደግፋል። ደጋፊ ብሎኖቹን ካፑን እስኪነኩ በእጅ፣ ከዚያ በጣም ጥቂት። ጠብቆ የገባ ብሎን ካፑን ያጣምማል፤ ኩሽኔታውም ይግላል።

ኮሮናና_ፒኞን
9 ኢንቹን በተመለከተ፦ ፒኞኑ በሦስተኛ ኩሽኔታ ከጫፉ ይደገፋል፣ ጥንካሬው ከዚያ ነው። ነገር ግን ኮሮናና ፒኞኑ የሚገናኙበት ከፍታ ስለሚራራቅ ጥርሱ ይበልጥ ይፋተጋል፣ ትንሽ ጉልበት ይበላል። ለ450 ፈረስ ብዬ አልቀይርም።

ድራይቭሻፍት ሉፕ (ፕሮፔለር ሻፍቱ ሲሰበር እንዳይወድቅ የሚይዝ ቀለበት) እንዳትረሳ፤ በስሊክ 13.99 ሰከንድና ከዚያ በታች ለሚሮጥ ግዴታ ነው፣ ከሻፍቱ ፊተኛ መስቀለኛ በ6 ኢንች ርቀት ውስጥ ይታሰራል። አዲሱን ጥርስ ደግሞ በቀጥታ ወደ ትራክ አትውሰደው። 20 ደቂቃ በዝግታ ንዳ፣ ግማሽ ሰዓት አቁመህ አቀዝቅዝ፣ ሁለት ሦስቴ ድገመው፤ 500 ማይል ላይ ዘይቱን ቀይር። መጀመሪያ የሚወጣው ዘይት ብረት ብናኝ ይዞ ግራጫ ይሆናል፣ ያ አያስደነግጥ። ማግኔቱ ላይ በጣት የሚያዝ ቁራጭ ካገኘህ ግን ክዳኑን መልሰህ አትዝጋ።