መረጥን አልመረጥን ያው ናቸው? (ሀዋሳ)

ሀይቅ ዳር፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሀዋሳ ላይ ምርጫ ሲነሳ መልሱ አንድ ሆኗል፦ «መረጥን አልመረጥን ያው ናቸው»። የሕዝብ መድረክ ይጠራል፣ ጥያቄ ይሰበሰባል፣ ከዚያ የሹሙ ቪኤይት መኪና መስታወቱን ዘግቶ ይሄዳል። ችግሩ የሰዎቹ ነው ወይስ የአሠራሩ? በምርጫና በምርጫ መካከል ባለው 5 ዓመትስ ተራ ነዋሪ የሚይዘው የሚጨበጥ ነገር አለ? ስብከት ይቅርብኝ።

ሚዛን፦
የሁለቱም ነው፤ አሠራሩ ግን ይብሳል። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 54 አሸናፊውን የሚለየው በድምፅ ብልጫ ነው። ከ10,000 መራጭ 3,100 ያገኘ፣ ሌሎቹ ከተበታተኑ፣ ወንበሩን ይወስዳል፤ የ6,900ው ድምፅ የትም አይቆጠርም። በ2002 የያኔው ገዢ ግንባር ኢሕአዴግና አጋሮቹ ከ547 ወንበር 545ቱን፣ በ2007 ሁሉንም ያዙ። ለዚህ ብልጫው ብቻ ምክንያት አይሆንም፣ የፖለቲካ ሜዳው መጥበቡም አለበት። ያም ሆነ ይህ እንዲህ ባለ ምክር ቤት ሚኒስትርን አፋጦ የሚይዝ አይገኝም።

የሚረሳው ግን ታችኛው እርከን ነው። በየቀኑ የምናገኘው ቀበሌ፣ ወረዳና የከተማ ምክር ቤት ነው፤ ከንቲባውም ከከተማው ምክር ቤት ነው የሚወጣው። አገር አቀፍ የአካባቢ ምርጫ የተደረገው ሚያዝያ 2005 ነበር፤ በ2010 መደረግ የነበረበት ተራዘመ። በ2013 እዚህ ድምፅ የሰጠነው ለተወካዮችና ለክልል ምክር ቤት ነው። «የመረጥናቸው ናቁን» የሚለው እሮሮ ስለ ቀበሌ ከሆነ፣ ዛሬ 25 ዓመት የሆነው ወጣት በቀበሌ ምርጫ አንድ ጊዜም ድምፅ አልሰጠም።

ሕዝቡ ድምፅ መስጠት ጠላ የሚሉትንም አልቀበልም። ኅዳር 10 ቀን 2012 በሲዳማ ሕዝበ ውሳኔ ሰልፉ ከሌሊት ጀመረ፣ 98.5 በመቶው ክልልነትን መረጠ፣ ክልሉም በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ ተመሠረተ። ጥያቄው አንድ፣ ውጤቱም የሚታይ ነበር።

መዝገብ ቤት፦
የሚጨበጠውን ልንገርህ፦ የመረጃ ጥያቄ። በአዋጅ 590/2000 መሠረት የመንግሥት መሥሪያ ቤት በ30 ቀን ውስጥ መልስ መስጠት አለበት፤ ከከለከለም ምክንያቱን በጽሑፍ።

ደብዳቤውን በሁለት ቅጂ አዘጋጅ። አንዱን መዝገብ ቤት አስገባ፣ በእጅህ በሚቀረው ላይ የገቢ ቁጥር፣ ቀንና ማኅተም አስመታ። ይህ ከሌለህ ደብዳቤህ የለም፤ 30ው ቀንም የሚቆጠረው ከዚያ ነው። ለሰው ሳይሆን ለኃላፊነቱ ጻፍ፤ በስም የተጻፈ ደብዳቤ ሹሙ ሲነሳ አብሮት ይነሳል። በአንድ ደብዳቤ አንድ ጉዳይ ብቻ ይሁን፤ አምስት ከደረደርክ ቀላሏን መልሰው ፋይሉን ይዘጋሉ። «መንገዱ ለምን አልተሠራም?» ካልክ «በሂደት ላይ ነው» ይመጣልሃል። ሰነድ ጠይቅ፦ የውሉ ዋጋ ስንት ነው፣ ርክክቡ መቼ ነበር፣ እስካሁን የተከፈለውስ? ከታች ግልባጭ ለከተማው ምክር ቤት አድርግ። ዝም ካሉህ መጀመሪያ ለበላይ ኃላፊው አቤት በል፣ ከዚያ ለሕዝብ እንባ ጠባቂ፤ ሀዋሳ ቅርንጫፍ አለው።

አሞራ ገደል፦
እንባ ጠባቂ እኮ የመፍትሔ ሐሳብ ነው የሚሰጠው፣ አያስገድድም። አመኔታ ያጣ ተመራጭን ማውረድም በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 12 እና 54 ላይ ተጽፏል፤ በተራ መራጭ ጥያቄ ሲፈጸም ግን እኔ አላየሁም። ተወካዩን ለዕጩነት ያቀረበው ፓርቲው ነው፤ የሚፈራውም የሚቀጥለውን ዝርዝር የሚያዘጋጀውን ነው። ማኅተም ያለው ወረቀት ይህን አይቀይረውም።

መዝገብ ቤት፦
አይቀይረውም፣ ልክ ነህ። ግን ቀን የተመታበት ዝምታና የአፍ ዝምታ አንድ አይደሉም፤ የመጀመሪያውን ለጋዜጠኛም ለጠበቃም ታሳየዋለህ። መድረክ ላይም ይኸው ነው። ጥያቄ አምስት አምስት እየተሰበሰበ በጅምላ ስለሚመለስ ያንተው መሀል ላይ ይሰምጣል። ጥያቄህን ጽፈህ ግባ፣ ከተናገርክ በኋላ ወረቀቱን ለጸሐፊው ስጥና በቃለ ጉባኤ ይያዝልኝ በል። ሰኔ 30 የተወካዮች ምክር ቤት ለዕረፍት ይዘጋል፤ የመራጭና ተመራጭ ውይይት የሚበዛውም ያኔ ስለሆነ፣ ደብዳቤህን ግንቦት ላይ ካስገባህ ማኅተሙን ይዘህ ትደርሳለህ።