ከተፈጥሮ አደጋ በኋላ የግል በጎ አድራጎት ወይስ የመንግሥት እርዳታ? የሊበርታሪያኖች መከራከሪያ እስከ የት ያስኬዳል?

ጥያቄ

የሊበርታሪያን አስተሳሰብ፣ ማለትም የግለሰብን ነፃነት አስቀድሞ የመንግሥትን ሥልጣን ለመገደብ የሚሻውን አመለካከት፣ የሚያራምዱ ጸሐፊዎች ጎርፍ፣ ርዕደ መሬት ወይም አውሎ ነፋስ ከደረሰ በኋላ ተጎጂዎችን መርዳት የፈቃደኛ ግለሰቦችና ማኅበራት ድርሻ እንጂ የመንግሥት ሥራ አይደለም ይላሉ። መነሻቸው ግልጽ ነው፤ ግብር በግዴታ የሚሰበሰብ በመሆኑ ከአንዱ አስገድዶ ወስዶ ለሌላው መስጠት ርኅራኄ ሊባል አይችልም። ለዚህም ደጋግመው የሚጠቅሱት የአሜሪካውን ፕሬዚዳንት ግሮቨር ክሊቭላንድን ነው። እ.ኤ.አ. በ1887 ኮንግረሱ በድርቅ ለተመቱ የቴክሳስ ገበሬዎች ዘር መግዣ 10,000 ዶላር ሲፈቅድ፣ ክሊቭላንድ ሕገ መንግሥቱ ለዚህ ሥልጣን እንደማይሰጥ፣ ሕዝብ መንግሥትን ይደግፋል እንጂ መንግሥት ሕዝብን ሊደግፍ እንደማይገባ ገልጸው ረቂቁን ውድቅ አደረጉት። ከዚያ በኋላ ጉድለቱን የዜጎች ልግስና ሞላው ይባላል።

እኔን የሚያስጨንቀኝ የመጠኑ ጉዳይ ነው። አንድ አደጋ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ መቶ ሺዎችን ቤት አልባ ሲያደርግ ልግስና ብቻውን ይበቃል ወይ? ባይበቃስ፣ የግብርን አስገዳጅነት የሚቃወም ሰው ለተጎጂው ምን መልስ አለው? አቋሙን ከልብ የያዛችሁ ሰዎች ብታብራሩልኝ ደስ ይለኛል።

የመጀመሪያ ምላሽ

አቋሙን ከያዙት አንዱ ስለሆንኩ የበኩሌን ልበል። ይህ ክርክር ብዙውን ጊዜ የማን ካዝና ይበልጣል በሚለው ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል፤ ለእኔ የሚበልጠው ጥያቄ ግን ማን ምን ያውቃል፣ ያወቀውንስ ሳያስፈቅድ ሊሠራበት ይችላል ወይ የሚለው ነው። ኢኮኖሚስቱ ፍሪድሪክ ሀየክ እ.ኤ.አ. በ1945 ባሳተመው ዝነኛ ጽሑፍ እንዳስረዳው፣ ለውሳኔ የሚያስፈልገው እውቀት በአንድ ማዕከል ተከማችቶ አይገኝም፤ በየስፍራው ባሉ ሰዎች ዘንድ ተበታትኖ ይኖራል። የትኛው መንገድ በውኃ እንደተቆረጠ፣ ከየትኛው ቤት አቅመ ደካማ እንዳለ ቀድሞ የሚያውቀው ጎረቤት ነው። ካትሪና የተባለው አውሎ ነፋስ በኦገስት 2005 ኒው ኦርሊንስን ሲያጥለቀልቅ ይህ በተግባር ታይቷል። ዋልማርት የተባለው ግዙፍ የችርቻሮ ኩባንያ የየመደብሩ ኃላፊዎች የበላይ ትእዛዝ ሳይጠብቁ በራሳቸው ሚዛን እንዲወስኑ ፈቅዶ ስለነበር እርዳታው በፍጥነት ደረሰ፤ የፌዴራሉ የአደጋ አስተዳደር ኤጀንሲ፣ ማለትም ፌማ፣ ከዚሁ ኩባንያ የመጡ ሦስት ውኃ የጫኑ መኪኖችን እንደመለሰ ደግሞ ከኒው ኦርሊንስ አጠገብ ያለው የጄፈርሰን ፓሪሽ ወረዳ አስተዳዳሪ በቴሌቪዥን ቀርበው በምሬት ተናግረዋል።

ሌላው ነገር እርዳታው በሰዎች ጠባይ ላይ የሚያሳድረው ተጽዕኖ ነው። ኢኮኖሚስቱ ጄምስ ቡካናን በ1975 የሳምራዊው አጣብቂኝ ብሎ የሰየመው ችግር አለ፤ እርዳታ እንደማይቀርለት የተረጋገጠለት ሰው አስቀድሞ የመጠንቀቅ ፍላጎቱ ይቀንሳል። በ1968 የተቋቋመው የአሜሪካ ብሔራዊ የጎርፍ መድን ፕሮግራም ለብዙ ቤቶች ከእውነተኛው ስጋት በታች የሆነ አረቦን (የመድን ክፍያ) ሲያስከፍል በመኖሩ፣ በጎርፍ የፈረሱ ቤቶች እዚያው ቦታ ላይ በተደጋጋሚ ተሠርተዋል፤ በ2017 ኮንግረሱ ከፕሮግራሙ ዕዳ 16 ቢሊዮን ዶላር ሰረዘለት። ሰውን የሚቀጥለው ጎርፍ መንገድ ላይ መልሶ የሚያሰፍር አሠራር ርኅራኄ ነው ብዬ ለመቀበል ይከብደኛል። በዚህ ላይ ፖለቲካው አለ። ኢኮኖሚስቶቹ ቶማስ ጋሬትና ራስል ሶቤል በ2003 ባሳተሙት ጥናት፣ ለፕሬዚዳንቱ በፖለቲካ የሚጠቅሙ ግዛቶች የአደጋ አዋጅ በብዛት እንደሚታወጅላቸው፣ ከእርዳታው ግማሽ ያህሉም ከፍላጎት ይልቅ በፖለቲካ ምክንያት የሚሰጥ እንደሆነ ገምተዋል።

ሁለተኛ ምላሽ

ስለ መድኑ የተባለው እውነት ነው፤ የቴክሳሱ ታሪክ ግን ሁልጊዜ ግማሹ ብቻ ይነገራል። ክሊቭላንድ ረቂቁን ውድቅ ካደረጉ በኋላ የቴክሳስ ግዛት ምክር ቤት ራሱ ለተጎጂዎቹ 100,000 ዶላር መድቧል። ይህ ኮንግረሱ ከፈቀደው አሥር እጥፍ ሲሆን የግብር ገንዘብ ነው። ለጋሾች አልነበሩም ማለቴ አይደለም፤ የቀይ መስቀሏ ክላራ ባርተን ሥፍራውን ጎብኝታ ሕዝቡን አስተባብራለች። ሆኖም ክፍተቱን ልግስና ብቻውን ሞላው የሚለው አባባል ከታሪኩ ጋር አይገጥምም።

ከዚህ የበለጠ ሊያሳስበን የሚገባው ግን እ.ኤ.አ. በ1927 ሚሲሲፒ ወንዝ ክትሩን ጥሶ ያጥለቀለቀበት ጊዜ ነው። ፕሬዚዳንት ካልቪን ኩሊጅ ለተጎጂዎች የፌዴራል ገንዘብ እንዲመደብ አልፈለጉም፤ የንግድ ሚኒስትራቸው ኸርበርት ሁቨር ሥራውን ሲያስተባብሩ ቀይ መስቀል ከዜጎች 17 ሚሊዮን ዶላር ያህል ሰበሰበ፤ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችም በድንኳን ተጠለሉ። ለዘመኑ የሚያስደንቅ ልግስና ነበር። ነገር ግን በሚሲሲፒ ግዛት በግሪንቪል ከተማ የእርዳታው አከፋፈል በአካባቢው ባለ መሬቶች እጅ ወደቀ። እነርሱም ጭሰኞቻቸው የሆኑት ጥቁር ገበሬዎች ከሄዱ አይመለሱም ብለው ስለፈሩ፣ ሰዎቹ በክትሩ ላይ በጠባቂ ተከበው እንዲቆዩና መለያ እንዲያንጠለጥሉ ተደረገ፤ ያለ ደመወዝም ተሠማሩ። ገንዘቡን የሰጠው ሰው በሩቅ ከተማ ሆኖ በቅን ልብ ነው የሰጠው፤ ገንዘቡ በስፍራው ሲደርስ ግን ያገኘው ከአደጋው በፊት የነበረውን የኃይል ሚዛን ነው። ተጎጂው ምጽዋት ተቀባይ እንጂ ባለ መብት አይደለምና በደል ቢደርስበት የሚከሰው አካል፣ በድምፁ ከሥልጣን የሚያወርደው ሹም የለውም። የሊበርታሪያኖቹ ክርክር ለዚህ በቂ መልስ ሲሰጥ አላየሁም።

የመጀመሪያው መላሽ በድጋሚ

የግሪንቪልን በደል ማንም ሊያስተባብል አይችልም። ሆኖም እነዚያን ሰዎች በጠመንጃ የከበባቸው የግዛቱ ብሔራዊ ዘብ፣ ማለትም የመንግሥት ጦር መሆኑን ማስታወስ ያስፈልጋል፤ ለጋሽ ማኅበር ሰውን አስሮ የማቆየት ሥልጣን የለውም። እነዚያ ገበሬዎች በነፃነት መሄድ ቢችሉ ኖሮ የባለ መሬቶቹ ስሌት ባልሠራ ነበር። ድምፅ ሰጥቶ ሹምን ስለ ማውረድ የተነሳውም በዚያ ዘመን በዚያ ግዛት ለነበሩ ጥቁሮች የማይታሰብ ነበር፤ ስለዚህ እርዳታው በመንግሥት በኩል ቢመጣ ኖሮ የተሻለ ክብር ያገኙ ነበር ብዬ ለማመን አልችልም።

ሦስተኛ ምላሽ

ጠያቂው ያነሱት የመጠን ጉዳይ ሳይመለስ እንዳይቀር ልጨምር። ልግስና አንዳንድ ጊዜ ከሚበቃው በላይ ይመጣል። የ2004ቱ የሕንድ ውቅያኖስ ሱናሚ በደረሰ በሳምንት ገደማ ድንበር የለሽ ሐኪሞች የተባለው የሕክምና በጎ አድራጎት ድርጅት ለዚያ አደጋ የሚሆን በቂ ገንዘብ እንዳገኘ አስታውቆ፣ ሰዎች በሌላ ስፍራ ለሚሠራው ሥራ እንዲሰጡ ጠይቋል። የልግስና ችግር አለመታመኑ ነው፤ ካሜራ ወዳለበት ይጎርፋል፣ ቀስ ብሎ የሚገድለውን ድርቅ ያልፈዋል። የግል መሆንም በራሱ ቅልጥፍናን አያመጣም። ከ2010ሩ የሄይቲ ርዕደ መሬት በኋላ የአሜሪካ ቀይ መስቀል ግማሽ ቢሊዮን ዶላር ገደማ ሰብስቦ ሳለ፣ በ2015 የወጣ የጋዜጠኞች ምርመራ ያሠራቸው ቋሚ ቤቶች ስድስት ብቻ መሆናቸውን ዘግቧል።

በካትሪና ጊዜም የአሜሪካ የባሕር ጠረፍ ጥበቃ ከ33,000 በላይ ሰዎችን አትርፏል፤ እርሱ ደግሞ የለየለት የመንግሥት ተቋም ነው። የዋልማርትን ሥራ ያጠናው ሊበርታሪያኑ ኢኮኖሚስት ስቲቨን ሆርዊትዝ ራሱ ኩባንያውንና ጠረፍ ጥበቃውን ጎን ለጎን አስቀምጦ፣ ያሳካላቸው በስፍራው ላሉ ሰዎች የመወሰን ነፃነት መስጠታቸው እንደሆነ ጽፏል። ሀየክም ቢሆን በ1944 ባሳተመው መጽሐፉ መንግሥት በጎርፍና በርዕደ መሬት ለተጎዱ ሰዎች መድረሱን ተገቢ ነው ብሎ ተቀብሎታል፤ ማንም ሊከላከለው ወይም ሊዘጋጅበት የማይችለውን አደጋ በጋራ መሸከም ነፃነትን አይጎዳም የሚል ነበር አስተያየቱ። ስለዚህ የግብርን አስገዳጅነት በመርህ የሚቃወሙት ሁሉ በአንድ ቃል አይናገሩም። እኔ በበኩሌ በመጀመሪያዎቹ ቀናት በጎ ፈቃደኛውን፣ ነጋዴውንና ባለ ጀልባውን በፈቃድ ወረቀት የሚያስቆም ደንብ ሁሉ እንዲነሳ፣ ለመልሶ ማቋቋሙ ግን በሕግ የተወሰነ ገንዘብ በቀጥታ በተጎጂው እጅ እንዲገባና የት እንደሚሠራበት ራሱ እንዲመርጥ እደግፋለሁ። በጎርፍ መድኑ ላይ ከመጀመሪያው መላሽ ጋር ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ፤ አረቦኑ እውነተኛውን ስጋት መናገር አለበት። መክፈል ለማይችለው ነባር ነዋሪ ከዚያ ስፍራ መነሻ የሚሆነውን ወጪ ማን ይሸፍን በሚለው ላይ ግን የምንስማማ አይመስለኝም።