ጥበብ፣ ንድፍ፣ ዲዛይን፦ የት ላይ ይለያያሉ?

ጥያቄ፦
ሰላም ወዳጆች። ጽሑፍ እየተረጎምኩ "ዲዛይን" ላይ ቆምኩ። "ንድፍ" ስለው ያልተጨረሰ ነገር ይመስላል። "ጥበብ" ስለው ደግሞ ሥዕሉም ግጥሙም አብሮ ይገባል። እናንተ እንዴት ትለዩታላችሁ? ደግሞስ ንድፍ ከንብ መንደፍ ጋር ይዛመዳል ወይስ አጋጣሚ ነው?

መልስ፦
አጋጣሚ አይደለም። በግእዝ "ነደፈ" መውጋት ነው፣ በቀስት መምታትም ይሆናል። ንብ ነደፈችው፣ ጊንጥ ነደፈው የምንለው ከዚያ ነው፤ "በፍቅር ተነደፈ" የሚለውም የዚያው ቤተሰብ ነው። ከዚያ ጥጥ መንደፍ አለ። የደጋኑ ጅማት በተዳመጠው ጥጥ ላይ ሲርገበገብ የተጣበቀው ይፈታታል፣ ይነፋል፣ እንደ ደመና ቀሎ ባዘቶ ይሆናል። ገና ፈትል አይደለም፣ ልብስ ለመሆንማ ብዙ ይቀረዋል። ግን እንዝርቱ ላይ የሚሆነው ሁሉ እዚህ ይወሰናል፤ በደንብ ያልተነደፈ ጥጥ ክሩ ይጎረብጣል። እኔ "ንድፍ" ሲባል የሚታየኝ ንቧ ሳትሆን ይሄ ባዘቶ ነው።

ስለዚህ "ያልተጨረሰ" ያልከው ልክ ነው፣ ግን ጉድለት አይደለም። ንድፍ በእርሳስ ጫር ጫር የተደረገውንም ሥዕል፣ ሊሠራ የታሰበውን ነገር ውጥንም አንድ ላይ ይይዛል። "ንድፈ ሐሳብ" ስንልም እኮ ያው ነው። የጣልያንኛው "ዲዜኞ" ልክ እንደዚሁ ነው። በ1563 ፍሎረንስ ላይ በሠዓሊውና በሕንፃ ባለሙያው በጆርጆ ቫሳሪ አነሳሽነት የተቋቋመው አካዳሚ ስሙ "የዲዜኞ ጥበባት አካዳሚ" ነበር፤ ቫሳሪም ዲዜኞን የሥዕል፣ የቅርጻ ቅርጽና የሕንፃ ሥራ አባት ብሎታል። ሥዕሉን ለብቻ፣ ዲዛይኑን ለብቻ ያደረገው የዛሬው እንግሊዝኛ ነው። የኛ ቃል ስላልለያቸው ደሃ አይባልም።

ጠያቂው፦
ይሄን አላሰብኩትም ነበር፣ እግዜር ይስጥልኝ። "ጥበብ"ስ? አርት ማለት ጥበብ ነው ብለን እንለፈው?

ሌላ መልስ፦
ኧረ አንለፈው! ጥበብ መጀመሪያ ማስተዋል ነው፤ "ነገሩን በጥበብ ያዘው" ስንል ስለ ሥዕል አይደለም የምናወራው። (ከ"ጠበበ፣ ጠባብ" ጋር የሚያምታቱት አሉ። ያ ከግእዙ "ጸበበ" የመጣ ሌላ ሥር ነው።) ለዚህ ነው ከፊቱ ሌላ ቃል የምንጨምርለት፦ ሥነ ጥበብ፣ ኪነ ጥበብ፣ እደ ጥበብ። ሥን ውበት፣ ኪን የሥራ ብልሃት፣ እድ እጅ ነው። ውበቱም ብልሃቱም እጁም የሚደገፉት በአንድ ጥበብ ላይ ነው። የሕንፃ ባለሙያው ዋልተር ግሮፒየስ በ1919 ጀርመን ውስጥ ቫይማር ላይ ባውሃውስ የተባለውን የጥበብና የንድፍ ትምህርት ቤት ሲከፍት በሠዓሊና በእጅ ባለሙያ መካከል መሠረታዊ ልዩነት የለም ብሎ ነበር፤ አማርኛ ይህን በቃሉ ውስጥ ይዞታል። በልብስ ጠርዝ ላይ የሚሸመነው ጌጥ ራሱ "ጥበብ" አይደል የሚባለው?

የጥበብንና የንድፍን ልዩነት ግን አልክድም። በር ላይ ሄደህ አስበው። እጀታው ተንጠልጥሎ ሲጠብቅህ ትስባለህ፣ ዝርግ ብረት ከሆነ ትገፋለህ፣ ማንም ሳይነግርህ። መሳብ የሚመስል እጀታ ያለውን በር ግፋ ብለው ሲጽፉበት ግን ንድፉ እንዳልሠራ ወዲያው ታውቃለህ፣ ምክንያቱም በሩ አንድ ሥራ ነበረው። ሥዕል እንዲህ አይጠየቅም። "ምን ታደርጋለህ?" አትለውም፣ ቆመህ ታየዋለህ፣ ከዓመት በኋላ ተመልሰህ ሌላ ነገር ታገኝበታለህ።

የመጀመሪያው መላሽ፦
በሩ ላይ እስማማለሁ። ግን በር የሚሠራው ሰውም መጀመሪያ ወረቀት ላይ ሲነድፍ እንደ ሠዓሊው ነው የሚያየው፣ መስመር ይጥላል፣ ይሰርዛል፣ እንደገና ይጥላል። እኔ ሁለቱን የማገናኛቸው እዚያ ወረቀት ላይ ነው።

ጠያቂው፦
እንግዲህ እንዲህ ላደርግ ነው። ስለ አንድ ዕቃ ሲሆን "ንድፍ" እላለሁ፦ የወንበሩ ንድፍ፣ የመጽሐፉ ሽፋን ንድፍ። ሠሪውን "ንድፍ አውጪ"። የሙያው ስም ሲሆን ግን "ዲዛይን" ብዬ እተወዋለሁ፣ ሰው ለምዶታል። "ዲዛይን አደረገ" የሚለውን ብቻ አልጽፍም፤ "ነደፈ" እያለልን ለምን?

የመጀመሪያው መላሽ፦
ጥሩ ነው። "ነደፈ" ስትል ግን ምን እንደነደፈ አብረህ ጻፍ፣ አለዚያ አንባቢው ንቧን ይፈልጋል።