የፍቅር ልቦለድ የምትፅፉ፣ ወገባችሁን እንዴት አደረጋችሁት?

ሰላም ቤተሰብ፣ የፍቅር ልቦለድ ነው የምፅፈው፣ ሰሞኑን ወመዘክር (ብሔራዊ ቤተመፃሕፍቱ) ከአንባቢዎች ጋር እንድወያይ ተጋብዤ ደስታዬ ወደር የለውም ግን ቀኑን ሙሉ ላፕቶፕ ላይ ተደፍቼ ስለምውል ወገቤን በጣም ያመኛል፣ እናንተስ ምን ታደርጋላችሁ?

መልስ፦ እህቴ በየግማሽ ሰዓቱ ተነሺ፣ ጠዋት ጠዋት ወክ አድርጊ። እኔ የገፀባህሪያቱ ንግግር የሚመጣልኝ ስራመድ ነው፣ ስልኬ ላይ በድምፅ እቀዳዋለሁ።

መልስ፦ እንግሊዛዊቷ ባርባራ ካርትላንድ እኮ ሶፋ ላይ ጋደም ብላ ለፀሐፊዋ እየነገረች ነው ከ700 በላይ መፅሐፍ የፃፈችው፣ ቫይታሚንም አጥብቃ ትመክር ነበር፣ እንደ ፈረንጆቹ በ2000 ስታርፍ 98 ዓመቷ ነበር።

መልስ፦ ውይይቱ ላይ ረጅም ምዕራፍ አታንብቢ፣ ሁለቱ የሚኳረፉበትን ገፅ ብቻ አንብቢና ለጥያቄ ጊዜ ስጪ፣ አንባቢ የሚመጣው ለመጠየቅ ነው። መፅሐፉ እዚያው ይሸጣል?